የቆርች ዐጥር፤ አተካከሉ፣ አጠባበቁና ጥቅሙ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች

መግቢያ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የሚታጠረው በደረቅ እሾህ ነው። የግራር ቅርንጫፍ ይቈረጣል፣ ይጐተታል፣ በቅጥሩ ዙሪያ ይከመራል። ከዚያም ክረምቱ ያበሰብሰዋል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ የቀረውንም ማገዶ ያጣ ሰው በሌሊት እየመዘዘ ይወስደዋል። በዓመቱ ሌላ ግራር ይቈረጣል። ደረቅ ዐጥር እንግዲህ በየዓመቱ እንደሚከፈል ግብር ነው፤ ግብሩ የሚወጣውም በአቅራቢያው ካለው ዱር ነው። ዱሩ እየራቀ በሄደ መጠን የልጆቹም የአባቶቻቸውም ድካም ይበዛል።

ከዚህ ግብር የሚያሳርፈው ሕያው ዐጥር ነው። ሕያው ዐጥር ማለት በተተከለበት ሥር ሰዶና ቅጠል አውጥቶ እየወፈረ የሚሄድ ዐጥር ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከሚስማሙት ዛፎች አንዱ ቆርች ነው። ቆርች ከቅርንጫፉ ተቈርጦ ይተከላል፤ ዐፈሩን ያዳብራል፤ በበጋም ቀይ አበባውን አውጥቶ ወፎችን ይመግባል። ይሁን እንጂ ተከላው የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ የዐጥሩ መጽደቅና አለመጽደቅ የሚታወቀው ከተከላው በኋላ በሚመጣው በመጀመሪያው በጋ ነው። በዚያ በጋ ዐጥሩን የሚያድነው የመምህሩ ትጋት ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህም ይህ ትምህርት ለመምህራንና ለሽማግሎች በአንድነት ቀርቧል።

1ኛ ክፍል፤ ስለ ዛፉ ጠባይ

ቆርች በአንዳንድ ስፍራ ኮርች ይባላል፤ በኦሮምኛ ስሙ ዋለንሱ ነው። ወገኑ ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ነው፤ ዘሩም እንደ እነርሱ ዘር በረዥም ሽፋን ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። ቅጠሉ ሰፊ ሲሆን በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። በግንዱና በቅርንጫፉ ላይ አልፎ አልፎ አጭር እሾህ ይታያል። እንጨቱ ቀላልና ልል ስለ ሆነ ለቤት ምሰሶም ለማገዶም እምብዛም አይፈለግም። ይህ ጉድለቱ ለዐጥርነት ጠቀሜታ ሆኖታል፤ ሊቈርጠው የሚመኘው ሰው ጥቂት ነውና።

በኢትዮጵያ ይበልጥ የታወቁት የቆርች ዐይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ ሲሆን በደጋና በወይና ደጋ ይበቅላል፤ ሳይቈረጥ ከተተወም ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ሁለተኛው ቁመቱ አጠር ያለ፣ ቅርፊቱ ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ሆኖ ሞቅ ባለ ስፍራ ይበቅላል፤ ይህ ዐይነት ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ድረስ ይገኛል። መምህሩ ለዐጥር የሚተክለውን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያሻውም፤ በራሱ ወረዳ ለምልሞ የሚታየው ለዚያ አየርና ለዚያ ዐፈር የተስማማ ነው።

ቆርች ዐፈርን የሚያዳብረው በሥሩና በቅጠሉ ነው። በሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይገኛሉ። በእነዚህ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ይኖራሉ፤ ናይትሮጅን የተባለውን ነገር ከአየር ወስደው ለዛፉ ምግብ ያደርጉታል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ያ ምግብ ለዐፈሩ ይተርፋል። በጌዴኦና በሲዳማ አገር ገበሬዎች ቆርችን በቡናና በእንሰት መካከል የሚያኖሩት ስለ ጥላውና ስለ ቅጠሉ ነው። መምህሩ ይህን ነገር ለተማሪዎቹ በዐይናቸው ሊያሳያቸው ቢወድ፣ አንድ የባቄላ ተክል በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ሥሩን በውሃ አጥቦ እብጠቶቹን ያሳያቸው፤ የቆርችም ነገር እንደዚሁ ነው።

2ኛ ክፍል፤ ስለ ስሙ

የዕፅዋት ሊቃውንት የቆርችን ወገን ሁሉ ኤሪትሪና ብለው ይጠሩታል። ቃሉ የመጣው ቀይ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በግእዝ መጻሕፍት ቀይ ባሕር ባሕረ ኤርትራ መባሉም ከዚሁ ቃል የተነሣ ነው፤ ዛፉና ባሕሩ በስም ይገናኛሉ።

የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ዐይነት በሊቃውንት ዘንድ ኤሪትሪና ብሩሴይ ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ሽቫይንፉርት የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን፣ የሰየመውም በጄምስ ብሩስ ስም ነው። ብሩስ የስኮትላንድ ሰው ነበረ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1769 ምጽዋ ደርሶ ወደ ጎንደር ወጣ፤ የጕዞውንም ታሪክ በ1790 አሳተመ። በመጽሐፉ ቋራ ብሎ የጠራውን ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ሥዕልና ጠባይ ጽፏል። ዘሩ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ እንዳለበትና ወርቅ ይመዘንበት እንደ ነበረም ተናግሯል፤ ከዚህም ተነሥቶ ካራት የሚባለው የወርቅና የዕንቍ መለኪያ ስም ከቋራ የመጣ መስሎታል። ይሁን እንጂ የቋንቋ ሊቃውንት ካራት የሚለውን ቃል ኬራቲዮን ከሚለው የግሪክ ቃል ያመጡታል፤ ትርጓሜውም የሌላ ዛፍ ፍሬ ነው። ይህ ነገር ለተማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናቸዋል፤ የሁለት ቃላት ድምፅ መመሳሰሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ለመውጣቱ ምስክር አይሆንምና።

3ኛ ክፍል፤ ወደ አበባው ስለሚመጡት ወፎች

ቆርች የሚያብበው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ፣ ቅጠሉ ሳስቶ ወይም ረግፎ ሳለ ነው። ሣሩ ደርቆ፣ የመስኩም አበባ አልቆ ሳለ ቀዩ አበባ ከሩቅ ይታያል። ቀይ ቀለም ለንብ ዐይን እምብዛም አይገለጽም፤ ለወፍ ዐይን ግን እጅግ የጐላ ነው። ንብም ወደ ቆርች መምጣትዋ ባይቀር፣ አበባው በመልኩ ዋናውን ጥሪ የሚያሰማው ለወፍ ነው።

ከሚመጡት ወፎች መካከል ቀጭንና ቈልመም ያለ መንቍር ያላቸው፣ የአበባ ማር የሚመጥጡ ትንንሽ ወፎች ይገኛሉ። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ከሚታዩት አንዱ ወገን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1814 በመጽሐፍ ሲገለጽ በተከዜ ወንዝ ስም ተሰይሟል። የዚህ ወፍ ወንዱ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና የመዳብ መልክ እየሰጠ ያብረቀርቃል፤ ከጅራቱም መካከል ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። እነዚህ ወፎች ከአበባ ማር ሌላ ሸረሪትንና ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅማሉ፤ ጫጩቶቻቸውንም የሚያሳድጉት በዚሁ ነው።

በአሜሪካ ምድር ደግሞ ኮሊብሪ የሚባሉ ወፎች አሉ። ወገናቸው ከ300 በላይ ነው፤ ከአሜሪካ በቀርም በሌላ ምድር አይኖሩም። በኩባ ደሴት የሚገኘው ከሁሉ የሚያንሰው ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው። ኮሊብሪ ክንፉን እጅግ በፍጥነት እያራገበ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይመጥጣል። የኢትዮጵያው ወፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅርንጫፍ ወይም በአበባው ዘንግ ላይ አርፎ ነው የሚመጥጠው። የቆርች ወገን በሁለቱም ምድር ይበቅላል፤ አበባው ግን እንደ እንግዳው ጠባይ ይለያያል። በአሜሪካ ከሚበቅሉት አንዳንዶቹ በአየር ላይ ለሚቆም ወፍ እንዲመች ጠባብ ቱቦ የመሰለ አበባ አላቸው። በአፍሪካ የሚበቅሉት ደግሞ ለሚያርፍ ወፍ እንዲመቹ አበባቸው በጠንካራ ዘንግ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል።

ወፉ ማሩን ሲመጥጥ የአበባው ዱቄት በጕሮሮውና በደረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ ሲሄድም ዱቄቱን ያደርስለታል፤ አበባውም ዘር ይይዛል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ቀላል ፈተና ሊያደርግ ይችላል። ገና ካልፈነዱት የአበባ ዘለላዎች አንዱን በስስ ሻሽ ሸፍኖ ያስረው፤ በአጠገቡ ያለውን ሌላ ዘለላ ክፍት ይተወው። አበባው ሲረግፍ ሻሹን ፈትቶ፣ ከሁለቱ ዘለላዎች ስንት ስንት ፍሬ እንደ ወጣ ተማሪዎቹ ቈጥረው ይጻፉ። ወፎቹን በሚመለከቱበት ጊዜ ከዛፉ 15 ርምጃ ያህል ርቀው በዝምታ ይቀመጡ። ወንጭፍ ይዞ ወደ ቆርች ዐጥር መቅረብ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን መምህሩ አስቀድሞ ያስታውቅ።

4ኛ ክፍል፤ ስለ አተካከሉ

ቆርች ከዘርም ከቅርንጫፍም ይበቅላል። ለዐጥር የሚሻለው ቅርንጫፉ ነው፤ ፈጥኖ ቁመት ያገኛልና። ሥራው በሚከተለው ሥርዐት ይከናወናል።

ሀ. ቅርንጫፉ የሚቈረጠው በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሊገባ ሲቃረብ፣ አበባውና ፍሬው ካለፈ በኋላ ነው። ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፉን ሁሉ መውሰድ አይገባም፤ ከሦስት እጅ አንዱን ቢወስዱ ይበቃል። ዛፉ የሰው ወይም የቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ለ. የሚመረጠው ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ፣ የበሰለ፣ ውፍረቱ የሰው የእጅ አንጓ ያህል የሆነ ነው። ለጋው ጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅ ለዐጥር አይሆንም። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ይኸውም 4 ክንድ ያህል ይሁን።

ሐ. ቍርጡ በተሳለ መጥረቢያ ወይም በመጋዝ ይሁን፤ የተሰነጠቀና የተላጠ እንጨት ይበሰብሳል። የላይኛው ጫፍ የዝናብ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይቈረጥ። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደ ሆነ እንዳይሳሳት፣ ከመጫኑ በፊት በላይኛው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ተዘቅዝቆ የተተከለ እንጨት አያምርም።

መ. የተቈረጠው እንጨት ወዲያው አይተከልም። ቍስሉ እንዲደርቅ በጥላ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆይ። እርጥብ ቍስል ወደ መሬት ከገባ ቶሎ ይበሰብሳልና።

ሠ. ጕድጓዱ ሁለት ስንዝር ጥልቀት ይኑረው። እንጨቱን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ቅርፊቱን ይልጠዋል፤ ስለዚህ ጕድጓዱ አስቀድሞ በዶማ ወይም በመቈፈሪያ ይቈፈር። እንጨቱ ከገባ በኋላ ዐፈሩ በዙሪያው ተመልሶ በእግር ይረገጥ። በመረሬ መሬት ውሃ የሚተኛ ከሆነ፣ ከዐጥሩ ውጭ ቦይ ይቀደድ፤ የቆርች ሥር የተኛ ውሃ አይወድም።

ረ. በአንዱና በሁለተኛው እንጨት መካከል ግማሽ ሜትር፣ ይኸውም አንድ ክንድ ይተው። በታች የሚቀረውን ክፍተት ለመዝጋት እሬት መትከል ይቻላል፤ እሬትን ፍየል አትደፍረውም፤ አበባውም እንደ ቆርች አበባ ወፎችን ይጠራል።

የእንጨቱን ብዛት ማስላት ለሒሳብ ትምህርት ይጠቅማል። የቅጥሩ እያንዳንዱ ገጽ 40 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 160 ሜትር ይሆናል፤ በየግማሽ ሜትሩ አንድ እንጨት ቢተከል 320 እንጨት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት መቍረጥ የአገሩን ቆርች ይጐዳል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ገጽ፣ ይኸውም 80 እንጨት መትከል ይሻላል። የመጀመሪያው ገጽ ለመከርከም በደረሰ ጊዜ ለቀሩት ገጾች የሚሆነው እንጨት ከራሱ ከዐጥሩ መገኘት ይጀምራል።

5ኛ ክፍል፤ በመጀመሪያው በጋ ስለሚደረገው ጥበቃ

የተተከለው እንጨት በክረምቱ ውስጥ ቅጠል ያወጣል። ልጆችም አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ጸደቀ ይላሉ። ነገር ግን ቅጠል ማውጣቱ ሥር ለመስደዱ ማስረጃ አይደለም። እንጨቱ በውስጡ ባለው ስንቅ ብቻ ማቈጥቈጥ ይችላል፤ ስንቁ ካለቀና ሥር ካልያዘ ቅጠሉ ጠውልጎ ይደርቃል። ሥር መስደዱን ለማወቅ ሲሉ እንጨቱን የሚነቀንቁ ወይም የሚነቅሉ ልጆች ገና የወጣውን ለጋ ሥር ይበጥሳሉ። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ማንም እንዳይነካው ይከልከል።

ሁለተኛው ጠላት ከብት ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በብዙ አገር ከብት ያለ እረኛ ይለቀቃል፤ ሣሩም ባለቀ ጊዜ ለምለም ሆኖ የሚገኘው የቆርቹ ቅጠል ብቻ ይሆናል። በግና ፍየል ለጋውን ይቀነጥባሉ፤ በሬ ይታከክበታል፤ ሥር ያልያዘው እንጨት ይነቀላል። በአንድ ቀን የተተከለው ዐጥር በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። በሬው የጎረቤት ነው፤ መስኩም የጋራ ነው።

ስለዚህ ከተከላው በፊት፣ ግንቦት ሳያልቅ፣ መምህሩ ሽማግሎችን ጠርቶ ነገሩን ሊያማክራቸው ይገባል። በጉባኤውም ሦስት ነገር ቢወሰን መልካም ነው። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር አጠገብ እስከ የት ድረስ ከብት እንዳይለቀቅ በዛፍ ወይም በድንጋይ ወሰን ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ከብቱ ወሰኑን አልፎ ዐጥሩን ቢያጠፋ ባለቤቱ የጠፋውን ያህል እንጨት ቈርጦ በሚቀጥለው ሰኔ ይትከል፤ ካሣው ገንዘብ ከሚሆን ዛፍ ቢሆን ይሻላል። ሦስተኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከቆርቹ በስተ ውጭ የሚደረገውን ደረቅ እሾህ የአገሩ ሰው በጋራ ያምጣ። ያ እሾህ በዚያ ገጽ ላይ የሚከመር የመጨረሻው ደረቅ ዐጥር ይሆናል።

ውሃና ልባስም ያሻዋል። ከጥቅምት ጀምሮ በየእንጨቱ ሥር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይነስነስ፤ የመሬቱን እርጥበት ያቆያልና። ጭዱ ግን እንጨቱን እንዳይነካ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፤ ምስጥ ይከተለዋል። በጋው ሲጠና በየሳምንቱ ውሃ ይጠጣ። ውሃው ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ሥራውን በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ ተማሪዎች ሁሉ በተራ ያምጡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት እንጨት በስሙ ቢሰጠው፣ የራሱ እንደ ሆነ ያህል ይጠብቀዋል።

6ኛ ክፍል፤ ስለ መከርከም

ሥር የያዘ ቆርች በሦስተኛው ዓመት ገደማ መከርከም ይጀምራል። ዐጥሩ ከሰው ቁመት እጅግ እንዳይበልጥ፣ ከታችም ጥቅጥቅ እንዲል የላይኛው ቅርንጫፍ ይቈረጣል። ነገር ግን ዐጥሩን ሁሉ በአንድ ዓመት የከረከመ ሰው በሚቀጥለው በጋ አበባ አያገኝም፤ አበባው በበሰለው ቅርንጫፍ ላይ ይወጣልና። አበባ ከሌለ ወፍ አይመጣም። ስለዚህ በአንዱ ዓመት ሁለት ገጽ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዎቹን ሁለት ገጾች መከርከም የተገባ ነው። በማእዘኑም ላይ አንድ አንድ ዛፍ ሳይነካ እንዲያድግ ቢተው፣ ለጥላም ለወፎችም ማረፊያ ይሆናል።

ከተከረከመው ወፍራሙ ለአዲስ ተከላ ይሆናል። ቅጠሉ በትምህርት ቤቱ የጓሮ መደብ ላይ ተነስንሶ ወደ ዐፈር ይገባል፤ ከሌላ ሣር ጋር ተቀላቅሎም ለበግ መኖ ይሆናል።

7ኛ ክፍል፤ ማስጠንቀቂያ ስለ ዘሩ

የቆርች ዘር መርዝ አለበት። በተለይ የሁለተኛው ዐይነት ዘር ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትና የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ የሕፃናትን ዐይን ይስባል፤ እንደ ጨሌ ሰክተው በአንገታቸው ያስሩታል። መርዙ የሰውነትን ጡንቻ የሚያዝልና የሚያሽመደምድ ነው። የተሰበረ፣ የተፈጨ ወይም የታኘከ ዘር ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ ዘሩን ወደ አፍ ማግባት፣ መፍጨት፣ ለመድኀኒት ነው ብሎ ማጠጣት አይገባም። ሕፃን በልቶት ቢገኝ መታመሙን ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰድ፤ የበላውም ዘር ዐይነት ለሐኪሙ እንዲታይ አብሮ ይያዝ። ፍሬው በሚፈነዳበት ወራት መምህሩ ከዐጥሩ ሥር የወደቀውን እያስለቀመ ያስቀብር። ትንንሽ ሕፃናት በሚበዙበት ስፍራም ዘለላው ሳይበስል ከዛፉ መቈረጥ አለበት።

የዓመቱ ሥራ በየወራቱ

ግንቦት፤ ከሽማግሎች ጋር መመካከር፣ ጕድጓድ መቈፈር፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ቅርንጫፍ መቍረጥ።
ሰኔ፤ መሬቱ በዝናብ ሲርስ መትከል።
ከሐምሌ እስከ መስከረም፤ አረም ማረም፣ የተኛ ውሃ ማፍሰስ።
ጥቅምት፤ ጭድ መነስነስ፣ የእሾኹን ዐጥር ማጠናከር።
ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፤ ውሃ ማጠጣት፣ ከከብት መጠበቅ፣ ባበበው ዛፍ ላይ ወፎችን መመልከት፣ የወደቀ ዘር መልቀም።
ዝናቡ በሌላ ወራት በሚጥልበት አገር መምህሩ የተከላውን ጊዜ ከዚያ ዝናብ መግቢያ ጋር ያስማማው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ደረቅ ዐጥርና ሕያው ዐጥር በምን ይለያያሉ? በአምስት ዓመት ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ደረቅ ዐጥር ስንት ሸክም እሾህ እንደሚያስፈልግ ወላጆችን ጠይቃችሁ አስሉ።
2. የተቈረጠው ቅርንጫፍ ሳይደርቅ ወዲያው ቢተከል ምን ይሆናል?
3. ቅጠል ያወጣ እንጨት ሁሉ ጸድቋል ለማለት የማይቻለው ስለ ምንድን ነው?
4. ኮሊብሪና የኢትዮጵያው ማር መጣጭ ወፍ አበባ ላይ ሲመገቡ በምን ይለያያሉ? የአበባውስ ቅርፅ ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል?
5. አንድ የትምህርት ቤት ቅጥር ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ 30 ሜትር ነው። የ2 ሜትር በር ተትቶ በየግማሽ ሜትሩ አንድ እንጨት ቢተከል ስንት ያህል እንጨት ያስፈልጋል?
6. ዐጥሩን ሁሉ በአንድ ዓመት መከርከም ለወፎች የሚጐዳው ስለ ምንድን ነው?
7. በመንደራችሁ የሚገኙትን አሮጌ ቆርቾች ቍጠሩ። ማን እንደ ተከላቸው፣ ስለ ምንስ ሳይቈረጡ እንደ ቀሩ ሽማግሎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።